ሲሊካ ጄል ሲደርቅ ቀዳዳው እንዳይደፈንና ቅንጣቱ እንዳይሰነጠቅ፦ ዝርዝር የአደራረቅ መመሪያ

በቤተ ሙከራ ሲሊካ ጄል (በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ፣ እርጥበት የሚመጥጥ ቁስ) የሚሠሩ ሰዎች ጄሉን ለማርጋት ብዙም አይቸገሩም፤ የሚቸገሩት በማድረቁ ላይ ነው። አንዱ ከምድጃ ሲያወጣው ተሰነጣጥቆ አሸዋ ሆኖ ያገኘዋል። ሌላው እንደ መስታወት የጠራ፣ መልኩ ያማረ ቅንጣት ያገኝና ውሃ ሲያስነካው ምንም አይጠጣለትም። ሌላው ደግሞ ላዩ በነጭ ቅርፊት የተሸፈነ፣ ውስጡ ግን ገና ያልደረቀ ቅንጣት በእጁ ይቀራል። የሦስቱም መነሻ በአብዛኛው አንድ ነው፦ ማድረቁን በምድጃው ሙቀትና በሰዓት መምራት። ይህ መመሪያ ሥራውን በሚዛንና በአየር እርጥበት እንዴት እንደሚመሩት ያሳያል፤ ምድጃው የሚመጣው ዋናው ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

## መጀመሪያ ሊገባዎት የሚገባው

እርጥብ ጄል እርስ በርሳቸው ከተያያዙ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች የተሠራ መረብ ሲሆን በመረቡ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ የተሞላ ነው። ውሃው መትነን ሲጀምር መረቡ ገና ለስላሳ ስለሆነ ቅንጣቱ ልክ በተነነው ውሃ መጠን እየተኮማተረ ይሄዳል፤ ላዩም ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። መረቡ እየተጠጋጋና እየጠነከረ ሲሄድ ግን ከዚያ በላይ መኮማተር የማይችልበት ሰዓት ይመጣል። ከዚህ በኋላ የውሃው ገጽ ወደ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ማፈግፈግ ይጀምራል፤ የተተወውንም ቦታ አየር ይይዘዋል። ይህን ሰዓት በዚህ መመሪያ ውስጥ «ወሳኙ ነጥብ» እለዋለሁ።

የቅንጣቱ የቀዳዳ መጠን የሚወሰነው እዚህ ነጥብ ላይ ነው። በዚያች ሰዓት በቅንጣቱ ውስጥ የቀረው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ፣ ኋላ ባዶ የሚሆነው ክፍተትም በግምት ያንኑ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ሙቀት ቀዳዳውን ባዶ ያደርገዋል እንጂ አይፈጥረውም።

ወሳኙ ነጥብ ቅንጣቱ ከፍተኛውን ጫና የሚሸከምበት ጊዜም ነው። ውሃ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ሲሆን የቀዳዳውን ግድግዳ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ስበቱም ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ይበረታል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውሃ የገጽ ውጥረት በሜትር 72.8 ሚሊኒውተን ነው። የቀዳዳው ራዲየስ 5 ናኖሜትር ከሆነ ስበቱ ወደ 29 ሜጋፓስካል፣ ማለትም ወደ 290 አትሞስፌር ይደርሳል። የኤታኖል የገጽ ውጥረት ወደ 22 ሚሊኒውተን ስለሆነ በዚያው ቀዳዳ ውስጥ የሚፈጥረው ስበት 9 ሜጋፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት በደረጃ 4 እንጠቀምበታለን።

የላዩ ሁኔታ ከውስጡ የሚለየው ትነቱ ሲፈጥን ነው። ከላይ የሚተነው ውሃ ከውስጥ በሚመጣው ቶሎ ካልተተካ፣ ውስጡ እንዳበጠ ላዩ ለብቻው መኮማተር ይፈልጋል። መረቡ ከጠነከረ ላዩ ይሰነጠቃል፤ ገና ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ላዩ ብቻ ተጨፍልቆ ጥቅጥቅ ያለ ቆዳ ይሠራል። በውሃው ውስጥ የሟሟ ጨው ካለም ትነቱ በፈጠነ መጠን ጨው ወደ መሃል ለመመለስ ጊዜ ስለማያገኝ ላዩ ላይ ተከማችቶ ይቀራል።

## የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ሚዛን
- ካሊፐር፣ ወይም በሚሊሜትር የተሰመረ ወረቀት
- ክዳናቸው በደንብ የሚገጥም ሁለት ወይም ሦስት የፕላስቲክ ሳጥኖች፣ ለእያንዳንዳቸውም የፕላስቲክ መረብ
- በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማራገቢያና የአየር እርጥበት መለኪያ
- የፖታሲየም ክሎራይድ፣ የሶዲየም ክሎራይድና የማግኒዚየም ክሎራይድ ጨዎች
- ሙቀቱ ቀስ በቀስ ሊጨመር የሚችል የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ምድጃ
- የፒኤች (የአሲድነት መጠን) መለኪያ ወረቀት፣ የተጣራ ውሃ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር

ማስጠንቀቂያ። ሶዲየም ሲሊኬት ዓይንንና ቆዳን የሚጎዳ አልካላይ ነው። የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እያጠቡ ወደ ሕክምና ይሂዱ። አሲድ ሲያቀጥኑ ምንጊዜም አሲዱን ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አያፍስሱ። ደረቅ ጄል ሲሰባበርና በወንፊት ሲነፋ የሚወጣውን ብናኝ ላለመተንፈስ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ።

## ደረጃ 1፦ ጄሉን ማርጋትና መቁረጥ

1. ጥግግቱ በሚሊ ሊትር ወደ 1.38 ግራም የሆነውን የገበያ ሶዲየም ሲሊኬት አንድ እጅ በሁለት እጅ የተጣራ ውሃ ያቅጥኑ።
2. ከቀጠነው ሲሊኬት ጋር እኩል መጠን ያለው 2 ሞላር አሴቲክ አሲድ ያዘጋጁ።
3. አሲዱን እያማሰሉ ሲሊኬቱን በቀጭኑ ያፍስሱበት። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ፤ አሲድ ወደ ሲሊኬት ከተጨመረ አሲዱ ያረፈበት ቦታ ብቻውን እየረጋ ጓጉላ ይሆናል።
4. ፒኤቹ 5 አካባቢ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ወዲያውኑ ጥልቀቱ 5 ሚሊሜትር በሚሆን ዝርግ የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ያፍስሱት። ውህዱ በደቂቃዎች ውስጥ ሊረጋ ስለሚችል ዕቃው አስቀድሞ ይዘጋጅ።
5. ሲረጋ ይሸፍኑትና ለአንድ ሰዓት ይተዉት፤ ከዚያ በቀጭን የፕላስቲክ ስለት 5 ሚሊሜትር በ5 ሚሊሜትር አድርገው ይቁረጡት።

መጠኑ ለውበት የተመረጠ አይደለም። ጨውም ሆነ አልኮል በቅንጣቱ ውስጥ ለመጓዝ የሚወስድበት ጊዜ በቅንጣቱ ስፋት ካሬ ያድጋል፤ ስፋቱን እጥፍ ካደረጉት ማጠቢያው አራት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል፣ በማድረቅ ጊዜም የመሰንጠቅ አደጋው ይጨምራል።

ቢበላሽ፦ ውህዱ ገና በማፍሰስ ላይ ሳሉ ከረጋ፣ ሁለቱንም ፈሳሾች አቀዝቅዘው ይድገሙት፤ ካልበቃም የአሲዱን መጠን በጥቂቱ ይጨምሩ። ለአንድ ቀን ቆይቶ ካልረጋ ፒኤቹ ከሚገባው በታች ወርዷል ማለት ነው። ጓጉላ የሆነውን ለማዳን አይሞክሩ፤ ያልተስተካከለ ጄል ያልተስተካከለ ቀዳዳ ይኖረዋል።

## ደረጃ 2፦ ማቆየት

የተቆረጠውን ጄል ከረጋበት ፈሳሽ ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ያቆዩት። በዚህ ጊዜ ሲሊካው ከአንዱ ቦታ በጥቂቱ እየሟሟ ኳሶቹ በሚገናኙበት አንገት ላይ ስለሚያርፍ መረቡ ይጠነክራል። የጠነከረ መረብ መኮማተሩን ቀድሞ ስለሚያቆም ብዙ ቀዳዳ ይዞ ይቀራል።

ጄሉ ፈሳሽ እያወጣ ጥቂት ሲያንስ ቢያዩ አይደንግጡ፤ የሚጠበቅ ነው። የሚያሰጋው ፈሳሹ አልቆ የጄሉ ጫፍ ለአየር መጋለጡ ነው። የተጋለጠው ጫፍ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለብቻው ይደርቅና ኋላ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያው ይሆናል።

## ደረጃ 3፦ ማጠብ

1. ፈሳሹን ቀድተው በጄሉ መጠን አራት እጥፍ የሆነ የተጣራ ውሃ ይጨምሩ።
2. ለሁለት ሰዓት ይተዉት፤ አልፎ አልፎ ዕቃውን በቀስታ ያወዛውዙት። ከዚህ ባነሰ ጊዜ ውሃውን ቢቀያይሩ ከቅንጣቱ መሃል ያለው ጨው ገና ስላልወጣ ውሃ ከማባከን አያልፍም።
3. ይህን ቢያንስ አምስት ጊዜ ይድገሙ።
4. ከመጨረሻው ውሃ አንድ ጠብታ በንጹሕ ስስ መስታወት ላይ ያድርቁ። ጠብታው በደረቀበት ዙሪያ ነጭ ቀለበት ከታየ ማጠቡን ይቀጥሉ።

የጠብታው ፈተና ቀላል ቢመስልም ብዙ ሥራ ያድናል። እርጥቡ ጄል ውስጥ ያለው ውሃ በማድረቅ ጊዜ በሙሉ ወደ ላይ እየመጣ ስለሚተን፣ የተረፈችው ጨው ሁሉ ተሰብስባ የምታርፈው በቅንጣቱ ቆዳ ላይ ነው። በመስታወቱ ላይ ያዩት ቀጭን ቀለበት በቅንጣቱ ላይ ሲሆን ሙሉ ቅርፊት ይሆናል።

### የቀዳዳውን ስፋት እዚህ ይምረጡ

ጠባብ ቀዳዳ ከፈለጉ፣ ለምሳሌ እርጥበት ለመምጠጥ፣ የመጨረሻውን ማጠቢያ ውሃ በጥቂት አሴቲክ አሲድ ፒኤቹን ወደ 4 ያውርዱት። እንዲህ የታጠበ ጄል ሲደርቅ ስፋታቸው ከ2 እስከ 3 ናኖሜትር የሆኑ ቀዳዳዎችና በግራም ወደ 700 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ገጽ ሊኖረው ይችላል።

ሰፊ ቀዳዳ ከፈለጉ፣ ለምሳሌ ሌላ ንጥረ ነገር ለመሸከም፣ በጣም በቀጠነ አሞኒያ ፒኤቹን ከ8 እስከ 9 አድርገው በ60 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት ያቆዩት። ሥራው ትነት በሚስብ ካቢኔ ውስጥ ይሁን። ጠባቦቹ ክፍተቶች እየሟሙ ሰፊዎቹ ይቀራሉ፤ የገጹ ስፋት ግን በብዙ ይቀንሳል። ፒኤቹ ከ9 እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ ከዚያ በላይ የሲሊካ መሟሟት በፍጥነት ስለሚጨምር መረቡ ራሱ ይላላል። አሞኒያውን ካስወጡ በኋላ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅዎን አይርሱ፤ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ሲሊካ ካልወጣ በማድረቅ ጊዜ ላዩ ላይ ይረጋል። ያ ቅርፊት እንደ ጨው ታጥቦ የሚለቅ አይደለም።

## ደረጃ 4፦ ውሃውን በኤታኖል መተካት (እንደ ፍላጎት)

ብዙ ክፍተት ይዞ እንዲደርቅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ደረጃ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ለተራ እርጥበት መጣጭ ግን አያስፈልግም።

ጄሉን በመጠኑ ሦስት እጥፍ በሆነ ኤታኖል ይዘፍዝፉ፣ ለሦስት ሰዓት ያቆዩ፣ ይቀይሩ፤ ቢያንስ አራት ጊዜ። የመጨረሻው ፈሳሽ ከ96 ከመቶ በላይ ኤታኖል መሆኑን በአልኮል መለኪያ ያረጋግጡ። ብዙዎች «በኤታኖል ሠራሁት፣ ለውጥ ግን አላየሁም» የሚሉት እዚህ ላይ ስለሚቸኩሉ ነው። ውሃ የቀላቀለ ኤታኖል ሲተን አልኮሉ ቀድሞ ይሄዳል፤ በወሳኙ ነጥብ ላይ ቀዳዳው ውስጥ የሚገኘው ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ ይሆናል፣ ስበቱም የውሃው ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ። ኤታኖል በ13 ዲግሪ ገደማ እንኳ በእሳት ሊያያዝ የሚችል ትነት ይሰጣል። ኤታኖል የያዘ ጄል በምንም ምክንያት በተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ አይግባ። ትነቱን በሚስብ ካቢኔ ውስጥ፣ ብልጭታና እሳት በሌለበት፣ ክዳኑ በጥቂቱ በተከፈተ ዕቃ ያድርቁት፤ ሽታው ስለጠፋ ብቻም ደርቋል ብለው አይመኑ። ለስድስት ሰዓት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ሚዛኖች እኩል እስኪሆኑ ይጠብቁ። በኤታኖል የተሠራው ደረጃ 5ን ዘልሎ ወደ ደረጃ 6 ይሄዳል።

## ደረጃ 5፦ በእርጥበት ሳጥን ውስጥ ማድረቅ

የዚህ ሁሉ ሥራ እምብርት ይህ ደረጃ ነው፤ ቀናት ይወስዳል፤ መቸኮል የማይቻልበትም እዚህ ነው።

### የጠጣሩን መጠን አስቀድሞ ማወቅ

ከታጠበው ጄል 10 ግራም ለይተው በ150 ዲግሪ ክብደቱ እስኪቆም ያድርቁት። ይህ ናሙና ቢሰነጠቅም ግድ የለም፤ የምንፈልገው ቁጥሩን ነው። 0.70 ግራም ከቀረ ጄሉ 7 ከመቶ ጠጣር አለው። እንግዲህ 200 ግራም እርጥብ ጄል ውስጥ 14 ግራም ሲሊካ አለ፤ የቀረው 186 ግራም ውሃ ነው። ይህን በማስታወሻዎ አናት ላይ ይጻፉት፤ በኋላ የሚሰላው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

### ሳጥኖቹን ማዘጋጀት

በእያንዳንዱ ሳጥን ወለል ላይ አንዱን ጨው በውሃ አርጥበው፣ ያልሟሟ ጨው በብዛት እንዲታይ አድርገው ያስቀምጡ። በ25 ዲግሪ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ፖታሲየም ክሎራይድ የአየሩን አንጻራዊ እርጥበት በ84 ከመቶ፣ ሶዲየም ክሎራይድ በ75 ከመቶ፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ በ33 ከመቶ ያጸናሉ።

ጨውን አይቆጥቡ። ከጄሉ የሚወጣው ውሃ ሁሉ ወደ ጨው ስለሚገባ 186 ግራም ውሃ ብቻውን ከ65 ግራም በላይ ሶዲየም ክሎራይድ ያሟሟል። ለእንዲህ ያለ መጠን ቢያንስ 100 ግራም ያልሟሟ ጨው ይኑር፤ ዕቃውም ተጨማሪውን ውሃ የሚይዝ ይሁን። ጨው ሟሙቶ ካለቀ ሳጥኑ እርጥበቱን መቆጣጠር ያቆማል፤ ጄሉም ባለበት ይቆማል።

### ማድረቅ

1. ቅንጣቶቹን በመረቡ ላይ ሳይነካኩ በአንድ ንብርብር ይዘርጉ፤ የተነካኩበት ቦታ ዘግይቶ ስለሚደርቅ ስንጥቅ ይጀምራል።
2. አምስት ቅንጣቶች መርጠው ቦታቸውን ምልክት ያድርጉ፤ ስፋታቸውን ይለኩ።
3. በ84 ከመቶው ሳጥን ውስጥ አስገብተው ይክደኑ። በቀን ሦስት ጊዜ ይመዝኑ፤ አምስቱንም ይለኩ።
4. ለመነሻ በሰዓት ከመጀመሪያው ክብደት 1 ከመቶ ያህል እንዲቀንስ ያድርጉ፤ ለ200 ግራም 2 ግራም መሆኑ ነው። ከዚያ ቢዘገይ ማራገቢያውን ይክፈቱ፤ ቢፈጥን ይዝጉት።
5. ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ወደ 75 ከመቶው ሳጥን፣ እዚያም ሲቆም ወደ 33 ከመቶው ያሸጋግሩ።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ክብደቱ ቆመ ማለት ደረቀ ማለት አይደለም። በ84 ከመቶ እርጥበት ውስጥ ራዲየሳቸው ከ6 ናኖሜትር ያነሰ ቀዳዳዎች ውሃቸውን አይለቁም፤ በ75 ከመቶ ደግሞ ድንበሩ ወደ 3.6 ናኖሜትር፣ በ33 ከመቶ ወደ 1 ናኖሜትር ይወርዳል። ጠባብ ቀዳዳ ያለው ጄል በመጀመሪያው ሳጥን ለሳምንት ቢቆይ ቀዳዳው አንድም ጊዜ ባዶ ላይሆን ይችላል። በጎን በኩል ሲታይ ይህ ጥሩ መሪ ነው፦ ሳጥኑን በመምረጥ የትኛው ቀዳዳ መቼ እንደሚለቅ እርስዎ ይወስናሉ።

### ወሳኙን ነጥብ መለየት

ክብደቱ እየቀነሰ የቅንጣቱ ስፋት ግን መለወጡን ሲያቆም ወሳኙ ነጥብ ደርሷል። ሁለቱም አብረው ከቆሙ ሳጥኑ የሚችለውን ጨርሷል ማለት ብቻ ነው፤ ወደ ቀጣዩ ያሸጋግሩ።

በዓይንም ይታያል። በተለይ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ጄል እስከዚህ ድረስ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከበረዶ ቁራጭ የማይለይ ነው። አየር ወደ ቀዳዳዎቹ መግባት ሲጀምር ጠርዞቹ ወተት የነካቸው ያህል ይደበዝዛሉ፤ ድብዛዜውም በሰዓታት ውስጥ ወደ መሃል ይጠጋል። ጠርዙ ነጭ፣ እምብርቱ ጥርት ያለ ቅንጣት በማጉያ ሲመለከቱ የውሃው ድንበር የት እንዳለ በትክክል ያያሉ። ጠባብ ቀዳዳ ያለው ከዚህ በኋላ እንደገና ሊጠራ ይችላል።

ድብዛዜው እንደታየ ክብደቱን ይጻፉ። በምሳሌያችን ሚዛኑ 23.8 ግራም ቢያሳይ 14 ግራሙ ሲሊካ ነው፤ 9.8 ግራም ውሃ ቀርቷል። ስለዚህ የቀዳዳው መጠን በግራም ወደ 0.7 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የቅንጣቱ ጠቅላላ መጠን በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው አንድ አሥራ ሁለተኛ ገደማ ስለሚሆን 5 ሚሊሜትር የነበረው ወደ 2.2 ሚሊሜትር ወርዷል። የተመኙት ክፍተት ከዚህ የሚበልጥ ከነበረ ምድጃ አይጨምርልዎትም፤ ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው በሚቀጥለው ዙር ረዘም አድርገው ያቆዩት ወይም ደረጃ 4ን ይጨምሩ።

ቢበላሽ፦ ድብዛዜው ከመታየቱ በፊት ስንጥቅ ከታየ ትነቱ ፈጥኗል፤ ማራገቢያውን ያቁሙና የቀሩትን ወደ ከፍተኛው እርጥበት ይመልሱ። ቅንጣቱ ገና ወሳኙን ነጥብ ካላለፈ የቀሩት ይድናሉ። ስንጥቁ የታየው ልክ በድብዛዜው ሰዓት ከሆነ ግን ችግሩ ከፍጥነት ይልቅ የመረቡ ድክመት ስለሆነ ማቆየቱን ያራዝሙ፤ ወይም ቅንጣቱን ወደ 3 ሚሊሜትር ያሳንሱ። ሻጋታ ከታየ ሳጥኑን ያጥቡ፤ አሴቲክ አሲድ የቀረበት ጄል በእርጥብ ሳጥን ውስጥ ለብዙ ቀን ሲቆይ ይህ ሊያጋጥም ይችላል።

### ለማቋረጥ የሚጋብዙ አቋራጮች

እርጥቡን ጄል ወደ ቫክዩም አያስገቡ፤ ውሃው በውስጡ ይፈላል። ማይክሮዌቭም በተመሳሳይ ምክንያት አይሆንም፤ ከውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ቅንጣቱን ይበትነዋል። በማቀዝቀዣ ማጽናትም አይረዳም፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 ከመቶ ገደማ ስለሚያድግ መረቡን ይገነጥለዋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለአራት ቀን የደከምኩበትን 300 ግራም ጄል ገና ሳይደበዝዝ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አስገብቼው ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በር እንደተዘጋ የመሰነጣጠቁን ድምፅ ሰምቻለሁ። ሳወጣው ከ1 ሚሊሜትር የሚበልጥ ቁራጭ አልነበረውም።

## ደረጃ 6፦ በሙቀት መጨረስ

በደረጃ 5 የደረቀ ጄል ከሆነ ድብዛዜው እምብርቱ ድረስ ከደረሰና በ33 ከመቶው ሳጥን ክብደቱ ከቆመ በኋላ ብቻ ወደ ምድጃ ይሂዱ።

1. ምድጃውን ከቀዝቃዛ ይጀምሩ፤ አስቀድመው አያሙቁት።
2. ሙቀቱን በደቂቃ ከ1 ዲግሪ በማይበልጥ ፍጥነት ወደ 60 ያድርሱ፣ ለሁለት ሰዓት ያቆዩ።
3. በተመሳሳይ ፍጥነት ወደ 110፣ ከዚያ ወደ 150 ያድርሱ፤ በእያንዳንዱ ላይ ለሁለት ሰዓት ያቆዩ።
4. ክብደቱ ሲቆም በተዘጋ ዴሲኬተር (የአየር እርጥበት በማያስገባ ዕቃ) ውስጥ ያቀዝቅዙት።

ከ200 ዲግሪ አይለፉ። ከዚያ በላይ በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ያሉት የሃይድሮክሲል ቡድኖች እርስ በርስ እየተዋሃዱ ውሃ ሆነው ይወጣሉ፤ ውሃን የሚስበው ገጽም እየቀነሰ ይሄዳል። በጣም ከፍተኛ በሆነ ሙቀት ደግሞ ቀዳዳዎቹ ራሳቸው ይዘጋሉ።

## ደረጃ 7፦ ውጤቱን መፈተሽ

የቀዳዳ መጠን። 5 ግራም ደረቅ ጄል በክዳን በሚዘጋ ጠርሙስ ያስገቡ። ከቢዩሬት (በሚሊ ሊትር ከተሰመረ ባለ ቧንቧ የመስታወት ቱቦ) ውሃ በጠብታ እየጨመሩ፣ በየጠብታው እየከደኑ ይነቅንቁ። ቀዳዳው እስኪሞላ ድረስ ቅንጣቶቹ እንደ ደረቅ እህል ይንከባለላሉ፤ ሲሞላ ድንገት እርስ በርሳቸውና ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር መጣበቅ ይጀምራሉ። በዚያች ሰዓት የገባውን ሚሊ ሊትር ለ5 ያካፍሉ። በወሳኙ ነጥብ ካሰሉት ጋር የሚቀራረብ መሆን አለበት። በብዙ ካነሰ የተወሰነው ቀዳዳ ከላይ ተደፍኗል።

የቀዳዳ ስፋት። ደረቁን ጄል በ75 ከመቶው ሳጥን ውስጥ ለሦስት ቀን አስቀምጠው ይመዝኑ። ጠባብ ቀዳዳ ያለው ጄል የቀዳዳውን አብዛኛውን ክፍል በውሃ ይሞላል፤ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ግን በጣም ጥቂት ብቻ ይወስዳል። ከላይ የተሰጠው የ3.6 ናኖሜትር ድንበር እዚህ በግልባጭ ይሠራል።

የላዩ ሁኔታ። አንድ ቅንጣት ለሁለት ሰብረው ስብራቱን በማጉያ ይዩ። ከጠርዝ እስከ መሃል አንድ ዓይነት መልክ ካለው ጥሩ ነው። በዙሪያው ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ ቀለበት ከታየ ጥቅጥቅ ያለ ቆዳ ሠርቷል፤ የፈዘዘና በጥፍር የሚፋቅ ነጭ ሽፋን ከሆነ ደግሞ ጨው ነው።

## ከደረቀ በኋላ የሚታዩ ጥፋቶች

ነጭ የጨው ቅርፊት። ይታጠባል፤ ነገር ግን ደረቁን ጄል በቀጥታ ውሃ ውስጥ አይክተቱት። በ84 ከመቶው ሳጥን ለሁለት ቀን አርጥበው ካጠቡት በኋላ ከደረጃ 5 መጨረሻ፣ ከ33 ከመቶው ሳጥን ይጀምሩ።

ጥቅጥቅ ያለ ቆዳ። ወሳኙን ነጥብ ያለፈ ቅንጣት ውሃ ቢገባበትም ወደ ቀድሞ መጠኑ አያብጥም፤ ስለዚህ ይህን ወደኋላ መመለስ አይቻልም። ቅንጣቱን ሰብረው ውስጡን ለሌላ ሥራ መጠቀም ይችላሉ። በሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያለ ማራገቢያ ያድርቁ።

ቅንጣቶቹ ተጣብቀው መድረቅ። በመረቡ ላይ ስላልተራራቁ ወይም ከማጠቢያው የቀረ ነጻ ውሃ ስላለባቸው ነው። ወደ ሳጥኑ ከማስገባትዎ በፊት ትርፉን ውሃ በወንፊት ያንጠፍጥፉ።

ውሃ ሲነካው እየተንጣጣ መፈንዳት። በደንብ የደረቀ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ጄል ውሃ ሲያገኝ ይህን ማድረጉ የአሠራር ጉድለት አይደለም። ውሃው በኃይል ሲገባ ሙቀት ይፈጠራል፤ የአንዱ ወገን ቀዳዳ ሲሞላ የሌላው ባዶ ስለሆነ ቅንጣቱ ይገነጠላል። ፈሳሽ ከሚያገኘው ሥራ በፊት በ75 ከመቶው ሳጥን ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን በእንፋሎት እንዲጠግብ ያድርጉት፤ ከዚያ ውሃው ቢነካውም ሳይፈነዳ ይቀበለዋል። ደረቅ ሆኖ መቀመጥ ካለበት ደግሞ ገና ሞቅ እንዳለ አየር በማያስገባ የመስታወት ዕቃ ይክደኑት፣ በላዩም የደረቀበትን ቀን፣ የመጨረሻውን ሙቀትና በወሳኙ ነጥብ የጻፉትን ክብደት ይለጥፉበት።